ወደ መርከብና ወደ መረብ የተላኩ፦ የባሕረኞችና የዓሣ አጥማጆች አገልጋዮች መታሰቢያ



የባሕር በር የሌላት አገር ምእመናን ስለ ባሕረኞች የሚማሩት ለምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር አንፈርድበትም። ብዙዎቻችን ባሕርን የምናውቀው በካርታና በመዝሙረ ዳዊት ነው። ይሁን እንጂ የአገራችን የክርስትና ታሪክ አንድ ዐቢይ ምዕራፍ የሚጀምረው በመርከብ ላይ መሆኑን መዘንጋት አይገባንም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአራተኛው ምዕተ ዓመት ታሪክ ጸሐፊ ሩፊኖስ፣ ከኤዴስዮስ ከራሱ አፍ ሰማሁት ብሎ እንደ ጻፈው፣ ከጢሮስ የመጡት ሁለቱ ወጣቶች፣ ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ፣ ወደ ምድራችን የደረሱት በአንድ የንግድ መርከብ ተሳፍረው ነበር። መርከቡ ስንቅና ውሃ ለመያዝ ወደ ወደብ በተጠጋ ጊዜ ተሳፋሪዎቹና መርከበኞቹ ተገደሉ፤ ሁለቱ ልጆች ብቻ ተርፈው ወደ ንጉሡ ቤት ተወሰዱ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችን እናውቃለን፤ ፍሬምናጦስ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ተብሎ የመጀመሪያው ጳጳሳችን ሆነ። በየዓመቱ በዓሉን ስናከብር ስለ ቅዱሱ ብዙ ይነገራል፤ ስለ ተገደሉት መርከበኞች ግን አንድም ቃል ሲነገር አንሰማም። ስማቸው አልተጻፈም፤ ከየትኛው አገር እንደ ተቀጠሩ፣ በቤታቸው ማን ይጠብቃቸው እንደ ነበር የነገረን የለም። የሥራቸው ዕጣ በዚያን ዘመንም ሆነ ዛሬ ይኸው ነው፤ ጭነቱ ይደርሳል፣ ተሳፋሪው ይታወሳል፣ ያደረሰው እጅ ይረሳል።

ጌታችን የመጀመሪያዎቹን ደቀ መዛሙርት ከጀልባና ከመረብ መካከል እንደ ጠራቸው ለእናንተ ማስታወስ አያስፈልግም። ይልቅስ በትምህርት ጊዜ እምብዛም የማይነበበውን የሐዋርያት ሥራ 27ኛ ምዕራፍ እንድትመለከቱት እንሻለን። ቅዱስ ጳውሎስ በዚያ መርከብ ላይ እስረኛ ነበር፤ በመርከቡ የነበሩት 276 ነፍሳት ሲሆኑ፣ በማዕበሉ ምክንያት ለብዙ ቀናት እህል አልቀመሱም ነበር። ሐዋርያው ስለ ባሕር ሥራ ከመርከበኞቹ የበለጠ ዕውቀት አለኝ ብሎ አልተመካም፤ ምክሩን ሰጠ፣ ባይሰሙትም አልተለያቸውም፣ በመጨረሻ በሁሉ ፊት እንጀራ አንሥቶ እግዚአብሔርን አመስግኖ በላ፤ እነርሱም ተጽናንተው በሉ። በመርከብ ላይ የሚደረግ የነፍስ እረኝነት ምን እንደሚመስል ከዚህ የተሻለ ምስል የምናገኝ አይመስለንም። አገልጋዩ ከሚያገለግላቸው ጋር በአንድ ዕቃ ውስጥ ነው፤ ቢሰጥሙ አብሮ ይሰጥማል።

ፍራንቸስኮስ ሳቬርዮ በዕንቁ ጠላቂዎች ዳርቻ

ከቅዱሳን መካከል በዓሣ አጥማጆች ዘንድ የሠራውን ሥራ በዝርዝር የምናውቅለት ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ሳቬርዮ (ዣቪየር) ነው። እርሱን ብዙውን ጊዜ የምናስበው የጃፓን ሐዋርያ አድርገን ነው። ከሊዝበን የተነሣው በሚያዝያ ወር 1541 ሲሆን ወደ ህንድ ጎዋ የደረሰው በግንቦት 1542 ነበር፤ አሥራ ሦስት ወር ማለት ነው። በመርከቡ ላይ በሽተኞችን ያስታምም፣ የተሰጠውን ምግብ ለእነርሱ ያካፍል፣ ልብሱን በገዛ እጁ ያጥብ ነበር። የንጉሥ መልእክተኛና የጳጳሱ ወኪል ልብሱን ሲያጥብ መታየቱ ለክብሩ አይመጥንም ላሉት ሰዎች ምክር ጆሮ አልሰጠም።

በዚያው ዓመት ወደ ደቡብ ህንድ ጫፍ ወረደ። በዚያ የባሕር ዳርቻ የሚኖሩት ፓራቫ የሚባሉት ሕዝቦች ዓሣ አጥማጆችና ለዕንቁ የሚጠልቁ ነበሩ። ከ1535 ጀምሮ በነበሩት ጥቂት ዓመታት ውስጥ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩት ተጠምቀው ነበር፤ ዋናው ምክንያትም ከባላጋራዎቻቸው ይጠብቃቸው ዘንድ የፖርቱጋልን ከለላ መሻታቸው ነው። ይህን መሸፋፈን አይገባም። ተጠመቁ፣ ነገር ግን የሚያስተምራቸው አላገኙም፤ ክርስቲያን ነን ከማለት በቀር ስለ እምነታቸው የሚያውቁት አልነበረም። በእኛም አገር ጥምቀት ፈጥኖ ትምህርት የዘገየባቸው ቦታዎች ስላሉ፣ ቅዱሱ ያደረገውን በጥንቃቄ ማየት ይጠቅመናል።

ቋንቋቸውን አያውቅም ነበር። ስለዚህ ሁለቱንም ቋንቋ በመጠኑ የሚያውቁ ሰዎችን ሰብስቦ ትእምርተ መስቀልን፣ ጸሎተ ሃይማኖትን፣ አሥርቱ ትእዛዛትን፣ አቡነ ዘበሰማያትን፣ ሰላም ለኪን በብዙ ድካም ወደ ታሚል አስተረጎመ፤ ከዚያም በቃሉ አጠና። ደወል በእጁ ይዞ በየመንደሩ እየዞረ ልጆችን ይሰበስብ ነበር። ልጆቹ የተማሩትን ማታ ለወላጆቻቸውና ለጎረቤቶቻቸው እንዲያስተምሩ ያዝዛቸው ነበር። በ1544 መጀመሪያ ለወንድሞቹ በላከው ደብዳቤ፣ ከማጥመቅ ብዛት ክንዱ ዝሎ ማንሣት እንደሚያቅተው ገልጿል።

ለእኛ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ከመንደሩ ሲወጣ የሚያደርገው ነው። በየመንደሩ የጸሎቱን ጽሑፍ ትቶ፣ አንድ ሰው ይሾም ነበር። ይህ ሰው ካነካፒላይ ይባላል፤ ቃሉ በታሚል የሒሳብ ጸሐፊ ማለት ነው። ሥራው ሕዝቡን ለጸሎት መሰብሰብ፣ በሞት አደጋ ላይ ያለውን ሕፃን ማጥመቅ፣ ሊጋቡ በሚሹት መካከል እንቅፋት ቢኖር ለካህኑ ማሳወቅ ነበር። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ በዚህ ስም የሚጠራው ሰው እናንተን እንደሚመስል አላያችሁምን? ቅዱሱ ደግሞ ይህ ሰው ያለ ደመወዝ እንዲኖር አልተወውም። ከዚያ የባሕር ዳርቻ ከሚሰበሰበው ግብር ለፖርቱጋል ንግሥት የጫማ መግዣ እየተባለ የሚላክ ገንዘብ ነበር፤ ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ያ ገንዘብ ለካቴኪስቶች መተዳደሪያ እንዲውል ለመነ፤ ተፈቀደለትም። ከዓሣ አጥማጁ የተወሰደው ለዓሣ አጥማጁ አስተማሪ ተመለሰ። ስለ ካቴኪስቶች ኑሮ በየስብሰባው ስንወያይ ይህን ታሪክ የሚያነሣ ሰው አለመኖሩ ይገርመናል።

በ1544 ወራሪ ፈረሰኞች በመጡባቸው ጊዜ የኬፕ ኮሞሪን ዓሣ አጥማጆች ወደ ባሕሩ ዐለቶች ሸሽተው በረሃብና በጥም ይሠቃዩ ነበር። ቅዱሱ 20 ጀልባዎች ስንቅ አስጭኖ ተነሣ፤ ነፋሱ ግን ፊት ለፊት ስለ ሆነበት በመቅዘፍም በመጎተትም መድረስ አልቻለም። ስለዚህ በየብስ በእግሩ ሄደ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1549፣ በዚያው ዳርቻ ያገለግል የነበረው ኢየሱሳዊው አባ አንቶኒዮ ክሪሚናሊ ሴቶችና ሕፃናት ወደ ጀልባ እስኪገቡ ድረስ ወደ ኋላ ቀርቶ ተገደለ፤ ከማኅበሩ የመጀመሪያው ሰማዕት እርሱ ነው። ሌላው ኢየሱሳዊ አባ ኤንሪኬ ኤንሪኬሽ ደግሞ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1600 ድረስ፣ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል በዓሣ አጥማጆቹ መካከል ኖረ። ቋንቋውን በሚገባ ተምሮ ሰዋስው ጻፈ፤ በ1578 በታሚል ፊደል ያሳተመው የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ በህንድ ቋንቋዎችና ፊደላት ከታተሙት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። አንዱ በሰይፍ፣ ሌላው በእርጅና ሞቱ፤ ከሁለቱ ማንኛቸውም ቦታውን አልለቀቁም።

ሦስቱ የግላስጎ ሰዎች

አሁን ወደ ዘመናችን እንቅረብ። በ19ኛው ምዕተ ዓመት የእንፋሎት መርከብ በመጣ ጊዜ የባሕረኛው ቁጥር በዛ፤ ከቤቱና ከቁምስናው ርቆ የሚኖርበት ዘመንም ረዘመ። ወደቦች በመጠጥ ቤቶችና የባሕረኛውን ደመወዝ በአንድ ሌሊት በሚበሉ ደላሎች የተሞሉ ነበሩ። ለእውነት ስንል መናገር የሚገባን ነገር፣ በዚህ መስክ ቀድመው የተሰማሩት በብዛት ከእኛ የተለዩ ወንድሞች መሆናቸውን ነው። አንግሊካዊው ካህን ጆን አሽሊ በ1835 በእንግሊዝ ምዕራብ ዳርቻ ከልጁ ጋር ቆሞ ሳለ፣ ልጁ በባሕሩ ውስጥ ወዳሉት ደሴቶች እያመለከተ እዚያ ያሉት ሰዎች ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት እንዴት ነው ብሎ ጠየቀው ይባላል። አባት ወደ ደሴቶቹ ሄደ፤ ከዚያም በአካባቢው መልሕቅ ጥለው ነፋስ የሚጠብቁትን መርከቦች አየ፤ ቀሪ ጉልበቱንም ለእነርሱ ሰጠ። ከዚህ ጥረት በኋላ በ1856 ለባሕረኞች የሚያገለግል የአንግሊካን ማኅበር ተቋቋመ። በካቶሊካውያን በኩልም በፈረንሳይ በ1894 የተመሠረተ ማኅበር ወደ ኒውፋውንድላንድና ወደ አይስላንድ ለሚሄዱ ዓሣ አጥማጆች የሆስፒታል መርከቦችን ይልክ ነበር። ሆኖም ካቶሊካዊው ባሕረኛ በየደረሰበት ወደብ የሚያገኘው አንድ የታወቀ ቤት አልነበረም።

ይህን ጉድለት የተመለከተው ፒተር አንሰን ነው። በ1889 በእንግሊዝ ተወለደ፤ አባቱ የባሕር ኃይል መኮንን ስለ ነበረ ከመርከብ ጋር ያደገ ሰው ነው። በ1910 በዌልስ አጠገብ ባለችው በካልዲ ደሴት ወደ ነበሩት አንግሊካውያን ቤነዲክታውያን ገባ። ማኅበሩ በ1913 ከአበምኔቱ ጋር በአብዛኛው ወደ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ እርሱም አብሮ መጣ። አንሰን በጎበዝ እጁ ጀልባዎችንና ወደቦችን የሚሥል ሠዓሊ ነበር፤ በዓሣ አጥማጆች ጀልባ አብሮ ይወጣ፣ መረባቸውንና ኑሯቸውን ያጠና ነበር። በስኮትላንድ ምሥራቅ ዳርቻ ስላሉት ዓሣ አጥማጆች በ1930 ያሳተመው መጽሐፍ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ሰውን ለማገልገል በመጀመሪያ ሥራውን ማወቅ ይገባል ብሎ ያምን እንደ ነበር ከኑሮው እንረዳለን። የመረብ ስም የማያውቅ ሰው ስለ መረብ መስበኩ ለዓሣ አጥማጁ አስቂኝ ነውና።

ከአንሰን ጋር ሁለት ሰዎች ነበሩ። ዳንኤል ሺልድስ በግላስጎ ይኖር የነበረ ኢየሱሳዊ ወንድም ሲሆን፣ ባሕረኞችን በልበ ኢየሱስ የጸሎት ማኅበር አማካይነት ያሰባስብ ነበር። አርተር ጋነን ደግሞ ምእመን ነው። እነዚህ ሦስት ሰዎች በግላስጎ ከተማ ጥቅምት 4 ቀን 1920 (በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የአሲዚው ቅዱስ ፍራንቸስኮስ በዓል በሚውልበት ዕለት) የባሕር ሐዋርያዊ አገልግሎት የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ በ1922 ሥራውን ባርከው አጸደቁ። ምልክቱ መልሕቅና የነፍስ ማዳኛ ቀለበት ሲሆን በመካከሉ ቅዱስ ልበ ኢየሱስ አለበት።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንድትሉ እንወዳለን። ከሦስቱ አንድም ካህን አልነበረም። አንዱ የገዳም ወንድም፣ አንዱ የኢየሱሳውያን ወንድም፣ አንዱም ተራ ምእመን ነበሩ። ካህናት የተከተሉት በኋላ ነው። ቁምስናው ካህን እስኪመደብለት ድረስ ምንም ሊሠራ አይቻልም የሚለውን አባባል ከምእመናን ብዙ ጊዜ እንሰማለን፤ አንዳንድ ጊዜ ከካህናትም ይሰማል። የግላስጎ ሰዎች ግን ካህን እስኪመጣ አልጠበቁም፤ ደብዳቤ ጻፉ፣ የቅዳሴ ሰዓትና የቁምስናዎችን አድራሻ ለባሕረኞች አደሉ፣ መርከብ ላይ ወጥተው ሰላም አሉ። አንሰን በ1975 አረፈ፤ የተቀበረውም በስኮትላንድ በሚገኘው በነንሮ የሲታውያን ገዳም ነው። የጀመሩት ሥራ ዛሬ ስቴላ ማሪስ (ኮከበ ባሕር) በሚለው የእመቤታችን ስም ይጠራል፤ ከ50 በሚበልጡ አገሮች፣ ከ300 በሚበልጡ ወደቦች ይገኛል። የመቶኛ ዓመቱ ጉባኤ በ1920 በተመሠረተባት ከተማ እንዲደረግ ታቅዶ፣ በወረርሽኙ ምክንያት ተላልፎ በጥቅምት 2022 ተካሄደ።

ሕዝበ ባሕር እነማን ናቸው?

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ጥር 31 ቀን 1997 ስቴላ ማሪስ በሚል ርእስ ያወጡት ሐዋርያዊ ሰነድ የዚህ አገልግሎት ሕግ ነው። ሰነዱ ሕዝበ ባሕር የሚለውን ስም ሰፋ አድርጎ ይተረጉመዋል። በንግድና በዓሣ ማጥመጃ መርከብ ላይ ያሉት ብቻ ሳይሆኑ፣ በወደብ የሚሠሩት፣ በባሕር ሙያ ትምህርት ቤት ያሉት ተማሪዎች፣ ከሥራው በጡረታ የወጡት፣ እንዲሁም ሚስቶቻቸውና በአንድ ቤት አብረዋቸው የሚኖሩት ሁሉ በዚህ ስም ይጠቃለላሉ። ባሕረኞች የፋሲካን የቁርባን ግዴታ በዓመቱ ውስጥ በማንኛውም ጊዜ፣ ተገቢውን ዝግጅት አድርገው፣ ሊፈጽሙ እንደሚችሉ ሰነዱ ይፈቅዳል። ቤተ ክርስቲያን የቀን መቁጠሪያዋን ለመርከቡ ጉዞ ስታስተካክል እንጂ መርከቡ ለቀን መቁጠሪያው እንዲቆም ስታዝዝ አናይም።

ይህ ለምን አስፈለገ? በዓለም ከሚደረገው ንግድ በመጠን ሲታይ ከ80 በመቶ የሚበልጠው በባሕር ይጓጓዛል። ይህን የሚያንቀሳቅሱት 1.9 ሚሊዮን ያህል መርከበኞች ናቸው። መርከቡ የአንድ አገር ሰንደቅ ዓላማ ይይዛል፣ ባለቤቱ የሌላ አገር ነው፣ ሠራተኞቹም ከሦስተኛና ከአራተኛ አገር ይመጣሉ፤ ባለቤቱ ቢከስርና ደመወዝ ቢያቆም ባሕረኛው ለማን ይጮኻል? ስንቃቸው አልቆ፣ ደመወዛቸው ሳይከፈል በወደብ የተጣሉ ሰዎች በየዓመቱ ይገኛሉ። በዚህ ጊዜ የወደቡ ካህን ወይም በጎ ፈቃደኛ ምግብ ያመጣል፣ ጠበቃ ይፈልጋል፣ ለቤተሰብ ስልክ ያስደውላል። ድሮ መርከብ በወደብ ለቀናት ይቆም ነበር፤ ኮንቴይነር ከመጣ ወዲህ ግን በሰዓታት ውስጥ አራግፎ ይሄዳል። ስለዚህ አገልጋዩ በመሰላሉ ወጥቶ ከሠራተኞቹ ጋር የሚያሳልፈው ጊዜ አጭር ነው። በ2020 መጨረሻ በወረርሽኙ ምክንያት 400,000 ያህል ባሕረኞች የውል ጊዜያቸው አልቆ ከመርከብ መውረድ ተከልክለው ነበር። አገልጋዮቹ ወደ ውስጥ መግባት ባይፈቀድላቸውም የስልክ ሲም ካርድና የሚያስፈልጋቸውን ዕቃ ከመሰላሉ ሥር እያስቀመጡ ይሄዱ ነበር። ሰውየው ለወራት ያልሰማውን የልጁን ድምፅ በዚያ ካርድ ይሰማል፤ ይህን ከሐዋርያዊ ሥራ ውጭ የሚያደርግ ሰው ካለ አንስማማም።

ከዘመናችን አገልጋዮች መካከል በህንድ ኬረላ የነበሩትን አባ ቶም ኮቸሪን ሳናነሣ አናልፍም። የሬደምፕቶሪስት ማኅበር ካህን ሲሆኑ፣ በትሪቫንድረም አጠገብ በምትገኝ የዓሣ አጥማጆች መንደር ውስጥ ኖሩ። ታላላቅ የሞተር መርከቦች ዓሣው በሚራባበት በክረምት ወራት ባሕሩን እየጠረጉ የትንሹን ዓሣ አጥማጅ ጉሮሮ ሲዘጉ፣ ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር ሰልፍ ወጡ፣ ጾሙ፣ ታሰሩ። የኬረላ መንግሥት በ1988 የክረምቱን ጊዜ እገዳ አወጣ። አባ ቶም በ1999 የተመደበላቸውን 150,000 ዶላር የሽልማት ገንዘብ፣ ምንጩ የነዳጅ ኩባንያ ሀብት ስለ ሆነ አልቀበልም አሉ። አካሄዳቸው ለሁሉ የተስማማ አልነበረም፤ ካህን በሰልፍ ፊት መቆሙን የተቃወሙ ነበሩ። በእኛ አስተያየት ግን መረቡ ባዶ ከሆነው ሰው ጋር የተራበ ካህን ስብከቱ ይሰማለታል። አባ ቶም በ2014 አረፉ።

በእኛ ሐይቆችና በእኛ ቤቶች

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የመርከብ ምሕንድስና የሚማሩ ወጣቶቻችን በውጭ አገር መርከቦች ተቀጥረው ለወራት ከቤታቸው ርቀው ይኖራሉ። በሰነዱ ትርጓሜ መሠረት እነርሱ በተማሪነታቸው ዘመንም፣ እናቶቻቸውና ሚስቶቻቸውም በቤት እየጠበቁ ሳለ፣ ሕዝበ ባሕር ናቸው። ከቁምስናችሁ እንዲህ ያለ ወጣት ሲሄድ ማንም ሳይባርከው እንዳይሄድ፤ በሚደርስበት ወደብ ስቴላ ማሪስን መጠየቅ እንደሚችልም ንገሩት። ብዙዎች ይህ ቤት እንዳለ አያውቁም፤ ካቶሊክ ያልሆነውም ባሕረኛ ቢሄድ በሩ አይዘጋበትም።

ሐይቆቻችንም አሉ። በዝዋይ፣ በሐዋሳ፣ በአባያ፣ በጫሞ፣ በጣና ዳርቻ የሚኖሩት ዓሣ አጥማጆች ብዙዎቹ መረባቸውን ማታ ጥለው ንጋት ላይ ያወጣሉ። የእሑድ ጠዋት ቅዳሴ በሚደወልበት ሰዓት እነርሱ ጀልባ ላይ ናቸው፣ ወይም ዓሣው ሳይበላሽ ገዢ ይፈልጋሉ። በዐቢይ ጾም የዓሣ ፈላጊ ስለሚበዛ፣ እኛ ሕዝቡን ለጸሎትና ለትምህርት አብዝተን በምንጠራበት ወቅት እነርሱ ሥራ ይበዛባቸዋል። ይህን ሳናስብ ዓሣ አጥማጁ ከትምህርት ቀረ፣ ልጁም ከንዑሰ ክርስቲያን መዝገብ ይሰረዝ ማለት ቀላል ነው። ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ደወል ይዞ የሄደው ሕዝቡ ወዳለበት ነበር። የትምህርቱ ሰዓት ወደ ከሰዓት በኋላ ቢዛወር፣ ወይም መረብ በሚጠገንበት ጥላ ሥር ቢሆን የሚጎዳው ማን ነው? መረብ የሚጠግን ሰው እጁ እንጂ ጆሮው አልተያዘም።

ቤተ ክርስቲያን የባሕር እሑድን የምታከብረው በሐምሌ ወር በአውሮፓ አቆጣጠር ሁለተኛው እሑድ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 1 እስከ 7 ባለው ጊዜ ይውላል። ወቅቱ ክረምት ነው፤ በሐይቆቻችን ማዕበል የሚነሣበት፣ ጀልባም የሚገለበጥበት ጊዜ ነው። በየቁምስናው ያላችሁ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን በዚያ ሳምንት የመዝሙር 106 (107)ን ክፍል፣ ስለ መርከበኞች የሚናገረውን፣ ከልጆች ጋር አንብቡ። በባሕር ላይ የሚሠራ ዘመድ ያላቸውንና በሐይቅ ላይ ሰው የጠፋባቸውን ቤተሰቦች ስም ጽፋችሁ ከእሑዱ አስቀድሞ እስከ ዓርብ ድረስ ለቆሞሱ አስረክቡ፤ በምእመናን ጸሎት ጊዜ ስማቸው በየተራ ይነበባል።